የካንሰር ዕቅዳችን በቀን ይለካ

ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ትንሽ የቆየ ሰው ይህን መልዕክት ሳያየው አይቀርም። የታማሚ ፎቶ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ «ካንሰር ነው፤ ውጭ ሄዶ እንዲታከም እርዱን» የሚል ጽሑፍ። የቻልነውን እንልካለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ እናልፋለን። ደግነታችን ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፎቶው ያልተለጠፈለት ሰው ነው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለእ.ኤ.አ. 2022 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው በሼር መድረስ አይቻልም። ሊደርስለት የሚችለው ጥሩ አገራዊ ዕቅድ ነው።

ዕቅድ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ ለውጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የጨረር ሕክምናም ቢሆን ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚገኘው፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

የጥቁር አንበሳው የድሮ ማሽን በኮባልት 60 የሚሠራ ነበር። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ በጊዜው ካልተቀየረ ለአንድ ታካሚ አምስት ደቂቃ ይበቃ የነበረው ሕክምና አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ በቀን የሚታከመው ሰው ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። ሊናክ የሚባሉት አዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና ሲበላሹ ቶሎ የሚጠግናቸው መሐንዲስ ይፈልጋሉ። ሪባን ተቆርጦ ማሽኑ ቢቆም ለታካሚው ምን ዋጋ አለው?

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በክልል ከተማ የምትኖረው አክስቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሆስፒታል ሄደች። ናሙና ተወሰደና በትንሽ ጠርሙስ ለልጇ ተሰጠው። «እዚህ የሚያየው ባለሙያ የለም፤ አዲስ አበባ አድርሰው» አሉት። እሱም በአውቶቡስ ጉልበቱ ላይ ይዞት መጣ። እብጠቱን ለሐኪም ካሳየችበት ቀን አንስቶ ውጤቱ እጃችን እስኪገባ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። አሁን ኬሞቴራፒ ላይ ናት፤ በየ21 ቀኑ ትመላለሳለች። የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ ሲጠፋም ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛው መድኃኒት ሁሉ የቤተሰብ ዕዳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ሦስት መለኪያዎች አሉት። ቢያንስ 60 በመቶው ታማሚ በሽታው ሳይስፋፋ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ደረጃ ላይ እያለ እንዲታወቅ፣ ምርመራው ሐኪም ከታየበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ 80 በመቶው ደግሞ ሕክምናውን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ ይላል። የአክስቴ ዘጠኝ ሳምንት 63 ቀን ነው። ያውም ገና ሕክምና ሳይጀመር!

ስለዚህ የሚቀጥለው ዕቅድ ሪፖርት «ስንት ማሽን ተገዛ» ብሎ ብቻ እንዳያቆም እፈልጋለሁ። ሰው እብጠቱን ካሳየበት እስከ ውጤቱ፣ ከውጤቱ እስከ መጀመሪያው ሕክምና ስንት ቀን ፈጀ? ጀምረው ስንቶቹ አቋረጡ? ለምን? ይህን ለመቁጠር መዝገብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የካንሰር መዝገብ አላት፤ በየክልሉም ሊኖር ይገባል። ናሙና የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ በክልል እንዲቀመጥ ማድረግም ከማሽን ግዢ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ማሽኑ የሚያገለግለው በሽታው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ወጪውን በተመለከተ አባቶቻችን መልሱን ነግረውናል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የጤና መድን ሐሳብ ይኸው ነው። ካንሰርን የመሰለ ወጪ የሚያሸክም በሽታ በመድን ካልተሸፈነ፣ መድን የሚባለው ነገር ለጉንፋን ብቻ ሊሆን ነው።

ዕቅዱ እስኪስተካከል እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። ምርመራው በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ነው፤ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፣ ውጤቱም እዚያው ይታወቃል። እናትሽ፣ እህትህ፣ የሠፈራችሁ ቡና የምታፈላዋ ሴት በዚህ ዕድሜ ላይ ካሉ ዛሬ ደውሉላቸው። «ምንም አላመመኝም» ይሏችኋል። ሳያምም ነው መሄድ በሏቸው።