ስለ ኃይለኛ አውራ ዶሮና ስለ ጌታው ዕዳ

በወላይታ ሶዶ ከተማ፥ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ በቤቴ ጓሮ ከእንሰቱና ከቡናው መካከል አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበረኝ። ቁመናው ያማረ፥ የጅራቱ ላባ እንደ ማጭድ የታጠፈ፥ ጠዋት ጠዋትም ድምፁ ከሰፈሩ ዶሮዎች ሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ነበረ። ለዓመት በዓል ቀይ ዶሮ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ፥ ገበያ ቢወጣ ደኅና ዋጋ እንደሚያወጣ ዐውቅ ነበር። ዳሩ ግን ይህ ውብ ፍጥረት ሰው የሚማታ ሆነ። የእኔ ሥራ በፍርድ ቤት የሰዎችን ክስና የምስክሮችን ቃል መጻፍ ነው፤ በዚህ ዶሮ ምክንያት ግን እኔው ራሴ ተከሳሽ ለመሆን ጥቂት ብቻ ስለ ቀረኝ፥ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተፈጸመ ለአንባቢዎች መንገር የሚገባ መስሎ ታየኝ።

የተጀመረው በሣቅ ነው። ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ይዞ የመጣ አንድ ተላላኪ በሩን አልፎ ሲገባ፥ ዶሮው የአንገቱን ላባ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፥ ከኋላው ዘሎ ባቱን መታው። ሰውየው መዝገቡን እንደ ጋሻ ይዞ ሲሸሽ ቤተሰቡ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ወዲያ «ዘበኛችን» የሚል ስም አወጣንለት። ልጄም የጎረቤት ልጆችን እየሰበሰበ በእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ያጋጥመው ጀመር፤ ዶሮው ዘሎ ጨርቁን ሲመታ ልጆቹ እየጮኹ ይሸሻሉ። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ እኛ ስንጫወት እርሱ ይማር ኖሯል።

ዶሮ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ ዘመኑ ረዥም ነው። የዘሩ መነሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ሲሆን፥ በአገራችንም በትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ ሥፍራ ከ2,500 ዓመት የበለጠ ዕድሜ ያለው የዶሮ አጥንት ተቈፍሮ ወጥቷል። ይህን ያህል ዘመን ቤት ለቤት ቢኖርም የዱር ሕጉን አልረሳም። ሼልደሩፕ ኤቤ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት አድጎ፥ ማን ማንን እንደሚነቁር በመካከላቸው የታወቀ የማዕርግ ተራ መኖሩን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1921ና በ1922 ጻፈ። የጃፓን ሊቃውንትም በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፥ ጎሕ ሳይቀድ በመጀመሪያ የሚጮኸው በማዕርግ የበላይ የሆነው አውራ ዶሮ መሆኑን፥ የበታቾቹም እርሱን ጠብቀው በየተራቸው እንደሚጮኹ አስረድተዋል። እንግዲህ በመኳንንት ግብር ላይ የነበረው የአቀማመጥ ሥርዓት በቆጥም ላይ አለ ማለት ነው። እኔ በልጅነቴ በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ ዶሮ ሲጮኽ ለትምህርት ስንነሣ፥ ይህን ያህል የሹመት ነገር በድምፁ ውስጥ መኖሩን መች ጠርጥሬ!

አውራ ዶሮ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። ጥሬ ሲያገኝ ድምፁን ለውጦ እንስቶቹን ይጠራል፤ እነርሱ ሲለቅሙም እርሱ ቀና ብሎ ይጠብቃል። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው፤ ሸለምጥማጥ በምድር ሲመጣ የሚያሰማው ሌላ ነው። ስለዚህ ደፋር መሆኑ ለጫጩቶቹ ደግ ነገር ነው፤ ክፉ የሚሆነው በአምስትና በስድስት ወር ዕድሜው ጎርምሶ፥ ሰውን እንደ ባላጋራ አውራ ዶሮ መቍጠር የጀመረ ጊዜ ነው።

በወላይታ ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለው። ሕዝቡ ብዙ፥ የየሰዉም መሬት ጥቂት ስለ ሆነ ቤቶቹ የተቀራረቡ ናቸው። ዶሮው ከእንሰቱ ሥር ሲጭር የሚውልበት ቦታና፥ ልጆች ለመላላክ ወደ ጎረቤት የሚያልፉበት መንገድ አንድ ነው። እርሱ ግዛቴ ነው ይላል፤ ልጅቱም መንገዴ ነው ትላለች።

እኔን በመታኝ ቀን ሣቁ አበቃ። ሱሪዬን ቀዶ ባቴን አደማው። በመጥረጊያ መታሁት፤ በእግሬ ገፋሁት፤ ውሃም ደፋሁበት። እርሱ ግን ጥቂት ይሸሽና ተመልሶ ይመጣል። ጥቂት ቈይቶም መጥረጊያ የያዘ ሰው ባየ ቍጥር ከሩቅ እየተንደረደረ ይመጣ ጀመር፤ ከዚህም የተነሣ ባለቤቴ ደጇን መጥረግ ተቸገረች።

በሰፈራችን ዶሮ በማርባት የታወቁ አንዲት አሮጊት አሉ። ነገሩን ብነግራቸው፥ «ልጄ፥ አንተ ስትመታው እርሱ ሌላ አውራ ዶሮ መጣብኝ ይላል፤ ስትሸሽ ደግሞ ድል አደረግሁ ይላል፤ ሁለቱንም አታድርግ» አሉኝ። ቀጥለውም ከመማታቱ በፊት የሚያሳየውን ምልክት አስረዱኝ። አንዱን ክንፉን ወደ መሬት አውርዶ በጎን በጎኑ ይራመዳል፤ ወይም ራሱን ዝቅ አድርጎ የአንገቱን ላባ ያቆማል፤ ወይም ምንም ጥሬ ሳይኖር መሬቱን እየነቆረ የሚለቅም ይመስላል። ያን ጊዜ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ ሰፌድ ወይም ሰፋ ያለ ጣውላ በእግሩ ፊት ይዞ፥ ሳይመታው ቀስ ብሎ ወደ እርሱ መራመድ አለበት፤ መንገዱን ለቆ ዘወር የሚለው ዶሮው እንጂ ሰውየው መሆን የለበትም። ማታ በቆጥ ላይ ሳለም ዓይኑ በጨለማ ደካማ ስለ ሆነ በቀላሉ ይያዛል፤ ክንፉን ከገላው ጋራ አጥብቆ በብብት ሥር ይዞ መንፈራገጡን እስኪተው ድረስ መቈየት፥ ከዚያም በዝግታ መመለስ ነው። ይህን ቀን በቀን ሳያቋርጡ ማድረግ ይፈልጋል እንጂ አንድ ቀን አድርገው ቢተዉት አይረባም።

ምክራቸውን ፈጸምሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዶሮው እኔ ስመጣ ዘወር ብሎ የሚያሳልፈኝ ሆነ። እጅግ ደስ አለኝ፤ በመሥሪያ ቤትም እንደ ትልቅ ነገር አወራሁት። ዶሮ የሰውን መልክ ለይቶ የሚያውቅ መሆኑን ግን ዘነጋሁ። የፈራው እኔን ብቻ ነበር። አሮጊቷም ትንንሽ ልጆች ባሉበት ዶሮውን ከልለህ አኑረው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የአጥሩን ሥራ ለሚመጣው ሳምንት፥ ደግሞም ለሚመጣው እያልሁ አሳለፍሁት።

አንድ ቀን ጠዋት አምስት ዓመት የሚሆናት የጎረቤታችን ልጅ እናቷ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። ዶሮ ዘሎ ሲመታ የእኔን እግር ብቻ ያገኛል፤ እንደዚያች ያለችውን ልጅ ግን ፊቷ ድረስ ሊደርስባት ይችላል። ከእግሩ በስተኋላ የበቀለው ሹል ነገር ከግራ ዓይኗ ሥር፥ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ሠነጠቃት። እናቷ ልጅቷን ታቅፋ መጣች። አልጮኸችም። «ጋሼ፥ ይህ ዶሮ እንደሚማታ አያውቁም ነበርን?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071፥ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፥ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆንም፥ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በኦሪት ዘጸአትም፥ ድንገት በወጋ በሬና፥ አስቀድሞ ተዋጊነቱ ለባለቤቱ ተነግሮት ባልተጠበቀ በሬ መካከል ትልቅ ልዩነት ተደርጎ ተጽፏል። ይህን ሁሉ ያነበብሁ እኔ፥ ተዋጊነቱን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ስም አውጥቼ የሣቅሁበት ሰው ነበርሁ።

ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጠብነው፤ ወደ ሐኪም ቤትም ወሰድናት። የዶሮ እግር አፈርና ኵስ ሲረግጥ የሚውል ስለ ሆነ፥ ቍስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ ክትባት ነገር መታየት አለበት፤ ዓይን ከተነካ ደግሞ አንዲት ሰዓት እንኳ መዘግየት አይገባም። ሐኪሙ ዓይኗ ደኅና መሆኑን ሲነግረን እናቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ እኔም ወንፊቱን እስከዚያ ድረስ በእጄ ይዤው እንደ ነበር ያን ጊዜ አስተዋልሁ። የሕክምናውን ሁሉ ከፈልሁ። ነገሩን የማጋንን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 በወጣ የሐኪሞች ጽሑፍ፥ በአውስትራሊያ እንቍላል ይሰበስቡ የነበሩ የ76 ዓመት አሮጊት፥ ዶሮ ያበጠውን የእግራቸውን ደም ሥር ነቁሮባቸው ደም ፈሶ መሞታቸው ተነግሯል።

የቀረው ዶሮውን ምን ላድርገው የሚለው ነበር። የእግሩን ሹል ጫፍ በሞረድ ማደንዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን በውስጡ ሕይወት ያለው አጥንት ስላለ ጠልቆ ቢቈረጥ ይደማል፤ ጫፉም ቢደነዝዝ ጥፍሩና አፉ ይቀራሉ። ማኰላሸትም አለ የሚሉ አሉ፤ የዶሮ ፍሬ ግን በሆዱ ውስጥ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ስለ ሆነ ያልተማረ ሰው የሚሞክረው አይደለም። ገበያ ወስጄ ልሽጠው ብልም፥ ጠባዩን ብናገር ለማርባት የሚገዛው የለም፤ ዝም ብዬ ብሸጠው የሌላ ሰው ልጅ ፊት ላይ ልሰድደው ነው።

ጾም ባልሆነ ቀን ታረደ። ያረጀ አውራ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ስለ ሆነ ባለቤቴ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ አበሰለችው። ዐሥራ ሁለቱ ብልት ሲወጣ ፈረሰኛውን እንደ ልማዱ ለእኔ ልታደርግ ስትል፥ ለጎረቤታችን ቤት ይሂድ አልኋት፤ ባለቤቴም ምንም ሳትናገር ከሁለት እንቍላል ጋራ ክዳን ባለው ሳሕን አድርጋ ላከችው። እንስት ዶሮ ከአውራው ከተለየች በኋላ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ድረስ ጫጩት የሚሆን እንቍላል ትጥላለች፤ ጠባይም በዘር የሚተላለፍ ነገር ስላለው፥ በእነዚያ ሳምንታት የተገኘውን እንቍላል ሁሉ ጠብሰን በላነው እንጂ አላስታቀፍንም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሳሕኑ ተመለሰ፤ ባዶውን ግን አልነበረም። ስድስት እንቍላል ነበረበት። እናቲቱም ከደጅ ቆማ የእነርሱ አውራ ዶሮ ጭምት መሆኑን፥ ልጆች እንኳ ሲይዙት ዝም እንደሚል ነገረችን። ከስድስቱ አራት ተፈለፈሉ፤ ከአራቱም አንዱ ወንድ ሆነ። አሁን አምስት ወር ሞልቶት መጮኽ ይለማመዳል፤ ድምፁ ገና ይሰበራል። ጨርቅ በእንጨት ማሰር በቤታችን ተከልክሏል፤ አጥሩም ተሠርቷል። ልጅቷ አሁንም ስትላክ ትመጣለች፤ ነገር ግን ከአጥሩ ደጃፍ ቆማ ዶሮው የት እንዳለ ሳትጠይቅ አትገባም።