ከድለላ ሥራ በኋላ የተገኘ አገልግሎት

ሰው በጕልማሳነቱ ሲሠራበት የኖረውን ሥራ በዕድሜ ምክንያት በተወ ጊዜ ቀኑ ይረዝምበታል። ትናንት ደጁን ሲያንኳኳ የነበረው ባለጉዳይ ዛሬ ስለሚቀርበት፤ «ከእንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ» እያለ መተከዝ ይጀምራል። ስለዚህ ነገር ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ለመኑን በስም አንጠራቸውም።

እኒህ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ከተማ በቤትና በቦታ ድለላ የኖሩ ናቸው። ሥራውን የጀመሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ፤ የከተማ ቦታ በሚሸጥበትና በሚለወጥበት ዘመን ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜ ግን ቦታ መሸጥ ተከለከለ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ያን ጊዜ የድለላው እንጀራ ስለ ተቋረጠ በአንድ መጋዘን ዕቃ ቆጣሪ ሆነው ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የቤት ሽያጭ እንደ ገና ሲስፋፋ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፤ የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ብቻ መሆኑን ለገዢ ሁሉ ማስረዳት ነበረባቸው።

ከሥራው የወጡት በእርጅና ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሰው ሚስት የለኝም ብሎ ቤቱን ሊሸጥ መጣ። ሽማግሌው ግን ሚስቱ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ አገር ቤት መሄዷን ያውቁ ነበር። ዐውቀውም ዝም አሉ፤ በልማድ የሚከፈለውን ከመቶ ሁለት ተቀብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ያለ ሁለቱም ፈቃድ መሸጥ እንዳይችሉ በአንቀጽ 68 ይደነግጋል። ያልተስማማውም ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፤ ይኸውም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ፤ ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ሚስቲቱም ተመልሳ ከሰሰች፤ ውሉም ፈረሰ።

ገዢው ግብር ለማሳነስ ሲል በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከከፈለው እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፤ ቀሪውን የሚያስረዳበት አጣ። ሻጩም ገንዘቡን አጥፍቶት ተገኘ። ገዢው ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ኪራይ ቤት ተመለሰ። ሽማግሌው የድለላውን ገንዘብ ሊመልሱለት ቢሄዱ፤ «አባቴ፤ ገንዘቡን ይተዉት፤ ያን ዕለት አንድ ቃል ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር» አላቸው። ከዚያ በኋላ ለድለላ አልወጡም።

ሁለት ዓመት ያህል ከቤት ዋሉ። ከሰው ጋር መነጋገር ትተው፤ ምግብም እየቀነሱ ሄዱ። በመጨረሻ ባለቤታቸው፤ «እርስዎ የበደሉት ዝም በማለት ነው፤ እንግዲያውስ የሚያውቁትን ለዕድራችን ልጆች ይንገሩ እንጂ እዚህ ተቀምጠው ምን ይጠቅማሉ?» አሏቸው። ይህ ቃል ከመኝታቸው አስነሣቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ እየተቀመጡ ቤት ሊገዙ ወይም ሊሸጡ ለሚያስቡ ሁሉ ያለ ዋጋ ይመክራሉ፤ ከቡና በቀርም አይቀበሉም። ምክራቸው በአጭሩ ይህ ነው።

ቤት በበጋ ብቻ አይታይም፤ ጣራው የሚያፈስ መሆኑና ጎርፉ የሚያልፍበት መንገድ የሚታወቀው በክረምት ነው። ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅ ይሻላል፤ የድንበር ጠብ፤ የውርስ ክርክር፤ የቀረ ዕዳ ከጎረቤት አይሰወርምና። የይዞታ ካርታውን ከሰው እጅ ማየት አይበቃም፤ ቤቱ በማን ስም እንደ ተመዘገበና ዕዳ ወይም እግድ ያለበት መሆኑን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በውሉም ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። በውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት ቤት ግዙልኝ ብሎ ገንዘብ የላከ እንደ ሆነ፤ ቤቱ የማን እንደሚሆን ገንዘቡ ሳይደርስ በጽሑፍ ይወሰን።

እኛም ሽማግሌውን ያወቅናቸው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት በርካሽ የተገኘ የሟች ቤት ሊገዙ ፈልገው ቢያማክሯቸው፤ ሻጩ ከአራት ወራሾች አንዱ ብቻ መሆኑን መርምረው ከለከሏቸው። ባልና ሚስቱ ዕድላችንን ዘጉብን ብለው ተቀይመው ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የዚያ ቤት ወራሾች ክርክር እኛ በጸሐፊነት ወደምናገለግልበት ፍርድ ቤት ቀረበ፤ መዝገቡንም የከፈትነው እኛ ነን። ባልና ሚስቱ ወሬውን ሰምተው ሽማግሌውን ይቅርታ ለመጠየቅ በሄዱ ጊዜ፤ «ይቅርታውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ አሁን የምታዩትን ቤት ካርታ አሳዩኝ» አሏቸው።

አንባብያን ሆይ፤ በየመዝገባችን የምናየው ጠብ አብዛኛው ከክፋት ሳይሆን የሚያውቅ ሰው በጊዜው ባለመናገሩ የሚመጣ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። በመንግሥት ሥራ ሆነ በንግድ፤ በእርሻ ሆነ በዳኝነት ዘመናችሁን የፈጸማችሁ ሁሉ፤ ያያችሁትን ከነስሕተታችሁ ለልጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ንገሯቸው። መክሊቱን እንደ ቀበረው አገልጋይ አትሁኑ። ወጣቶችም ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሽማግሌ ዘንድ ተቀመጡ። እኒህ ሽማግሌ ዛሬ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ቢደርስም፤ ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ባርኔጣቸውን አድርገው ከሁሉ ቀድመው ወደ ዕድሩ አዳራሽ ይሄዳሉ።