እስስቷ ሳትጠቁር ፎቶ ለማንሳት፦ ካሜራ ከመግዛታችን በፊት ርቀት እንለካ

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ካሜራ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በላይ ነው። ሐረር ውስጥ የግቢ አጥር ላይ ያለችን እስስት፣ የጀጎል ግንብ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ገበሎን ወይም ማታ አምፖል ሥር ነፍሳት የሚጠብቅ እንሽላሊትን ለማንሳት ካሰባችሁ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከምን ያህል ርቀት፣ ምን ያህል አጉልቶ ያነሳል?

ርቀቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ተለዋዋጭ ሰውን «እስስት ነው» ብለን እንወቅሳለን። እስስት ግን ቀለም የምትቀይረው ልታታልለን ሳይሆን ያለችበትን ስሜትና ሙቀት ተከትላ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የማዳጋስካር እስስት ዝርያ ላይ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቆዳዋ ውስጥ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ይሄ ቆዳዋ ውስጥ ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደመር አረንጓዴ ሆና ትታየናለች። ስትቆጣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫና ብርቱካን ይሄዳል። ስትፈራ ወይም ስትጨነቅ መጥቆሯ ደግሞ የሜላኒን ሥራ ነው። እንግዲህ ሌንሱን አፍንጫዋ ሥር ደቅነን ያነሳነው ፎቶ የእስስቷን መልክ ሳይሆን ድንጋጤዋን ነው የሚያሳየው። ለእሷ ጭንቀት፣ ለእኛ ደግሞ የተሳሳተ መረጃ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ቀላል ነው። የካሜራውን ሴንሰር ወርድ ለሌንሱ የማጉላት መጠን ስታካፍሉ ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት ታገኛላችሁ። የተለመዱት የካነን ካሜራዎች ሴንሰር ወርድ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሌንስ (ኤስ ቲ ኤም ከሚባሉት አንዱ) እስከ 0.36 ያጎላል። 22.3 ለ0.36 ሲካፈል 62 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእስስትን ጭንቅላትና ትከሻ ለመሙላት ይበቃል እኮ! ችግሩ ይህን የሚያደርገው በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆኑ ነው፤ ያውም የሚለካው ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ጀምሮ ነው። የካሜራውና የሌንሱ ርዝመት ሲቀነስ ከሌንሱ አፍ እስከ እስስቷ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ይቀራል።

የዚሁ ኩባንያ 55–250 ኤስ ቲ ኤም ሌንስ ማጉሊያው 0.29 ብቻ ነው፤ ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ርቀቱ ግን 85 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሌንሱ አፍ እንኳ ቢለካ ከግማሽ ሜትር በላይ ይተርፋል። በእኔ ግምት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። ማክሮ የሚባሉት ሌንሶች ቅርፊቷን አንድ በአንድ ወይም ዓይኗን ብቻ ለማንሳት ለሚፈልግ ናቸው። እነሱንም ከገዛችሁ ከ60 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ 100 ሚሊ ሜትሩን ያዙ፤ በእኩል ማጉላት ከእንስሳው የበለጠ ያርቃችኋል።

ስልክስ? ግቢያችሁ ውስጥ ኤሊ ካለ ስልካችሁ በቂ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። (ኤሊም ሆነ እስስት ከዱር ይዞ ቤት ማስገባት ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ማየት ነው።) በርካሽ ስልኮች ላይ ያለው 2 ሜጋፒክስል «ማክሮ» ካሜራ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ካልተጠጉ አይሠራም፤ በዚያ ርቀት ደግሞ የስልኩ ጥላ ራሱ እንስሳው ላይ ያርፋል።

ሐረር ላይ የፎቶ ችግር ድሮ ውሃ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ራሱን ያነሳቸው ፎቶዎች የነጡት በማጠቢያው ውሃ መጥፎነት እንደሆነ ለቤተሰቡ ጽፏል። የዛሬው ችግር ብርሃን ነው። በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ላይ ያለ እንሽላሊት ሲነሳ ካሜራው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ስለሚቀንስ እንስሳው ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስለዚህ የምትገዙት ካሜራ የብርሃን መጠንን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል ይሁን፤ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ደግሞ አረንጓዴና ሐምራዊ የተቀቡት ግድግዳዎች ቀለማቸውን እንስሳው ላይ ያንጸባርቃሉ። መጀመሪያ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አንሱና ካሜራው ነጩን በእሱ እንዲለካ አድርጉ፤ አለዚያ የእስስቷን ቀለም ከግድግዳው ቀለም መለየት ያስቸግራል።

በ55–250 ሌንስ ተጠግታችሁ በኤፍ 8 ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትኩረቱ ዓይኗ ላይ ይረፍ፤ ጅራቷ ቢደበዝዝ ማንም አይከፋም። ገበሎን ለማንሳት ደግሞ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሰውነቱ የሚሞቀው በፀሐይ ስለሆነ ገና ሳይሞቅ ፈጥኖ አይሮጥም።

ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ይኑር። ወርዷ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧት፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አስረዝሙ፣ ከዚያ ትኩረቱ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። ጥርት ባለው በመጨረሻው ፎቶ ላይ ሳንቲሟ የፎቶውን ወርድ ሲሶ ከያዘችና በሌንሱና በሳንቲሟ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ከቀረ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ነው።