በረሃ የወረደ ወታደር ሲወድቅ

ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አባይ በደጀን መውረጃ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይፈስሳል። ቁልቁል ሲወረድ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ማለዳ ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ሸለቆው ሲደርስ በላብ ይዘፈቃል። ወታደር ሆኖ አፋር ወይም ኦጋዴን የተመደበ የደጋ ልጅ የሚገጥመውም ይኸው ነው፤ ያውም ትጥቅና ስንቅ ተሸክሞ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ጉዞ የሚያዝ አዛዥ ወታደሩን ያለ ጠላት እየማገደው ነው እላለሁ።

ሙቀት የሚያመጣው ሕመም አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። ባት ይሸማቀቃል፣ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል። በዚህ ጊዜ ጥላ፣ ዕረፍትና ኦአርኤስ የተበጠበጠበት ውሃ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መቀባዠር፣ መንገዳገድ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሳያልፍ አልቀረም፤ አንጎልና ኩላሊት እየተጎዱ ነው። ቆዳው እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ በጉዞ ላይ የወደቀ ወታደር በላብ እንደራሰ ሊሆን ይችላል።

የጦር ሐኪሞች ሕግ፣ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። በአሜሪካ ጦር ማሠልጠኛዎች በበረዶ ውሃ የተነከረ አንሶላ ተዘጋጅቶ ይቆያል። አባይ በረሃ በረዶ ባይኖርም ጀሪካን ውሃና ነጠላ አይጠፋም። ጫማውን፣ ትጥቁንና ልብሱን አውልቆ ከራስ እስከ እግሩ ውሃ ማፍሰስ፣ የተነከረ ነጠላ ጣል አድርጎ ሳያቋርጡ ማራገብ፣ ነጠላው ሲሞቅ መልሶ መንከር ነው። ወንዙ ውስጥ መዘፍዘፍ አያዋጣም፤ አባይ አዞ አለበት፣ ራሱን የሳተንም ውሃ ይወስደዋል። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ የሚሮጥ ካለ ይሩጥ፤ ውሃ የሚያፈሰው ግን እጁን አይሰብስብ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውሃ ማንቆርቆር ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ስለሚችል በጎኑ ማስተኛት ይገባል።

ይህን ለማወቅ ወታደር መሆን አያሻም። በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ያሠለጥናል።

ወታደርን የሚጥለው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሾክም አለ። ሾክ የሚባለው ደም ወይም ፈሳሽ ጎድሎ ለአንጎልና ለሌላው አካል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ነው። ከንፈር ይገረጣል፣ ቆዳ ይቀዘቅዛል፣ የልብ ምት እየፈጠነ ይደክማል። የሚደማ ቁስል ካለ ከሁሉ በፊት አጥብቆ መጫን ነው። ቀጥሎ በጀርባው አስተኝቶ፣ እግሩ ወይም አከርካሪው ካልተጎዳ እግሩን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ማድረግ። ሙቀት የጣለው ልብሱ ይወልቃል፤ ደም የፈሰሰው ግን በረሃ መሀልም ቢሆን ጋቢ ይደረብለታል፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደሙ በቀላሉ አይረጋም።