ስለሚደማ ድድና ስለ ንቅሳቱ

ድዳቸው የሚደማባቸው ብዙ ሰዎች «ብነቀሰው ይድንልኛልን?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ የጥርስ ሐኪም እንደ መሆኔ ዝም ማለት አይገባኝም።

ንቅሳት የድድን ደዌ አይፈውስም። እናቶቻችን ለውበትም ለመድኃኒትም ብለው የተነቀሱት ጥቁር ቀለም፣ የሕመሙ ቀዳሚ ምልክት የሆነውን ቅላት ከዓይን ይሰውራል እንጂ፣ ከጥርሱ ሥር ተጣብቆ ሕመሙን የሚያስነሣውን የረቂቅ ተሕዋስያን ስስ ሽፋን ከቶ አያስወግድም፤ ይባስ ብሎ፣ መርፌው ሳይቀቀል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ሊያጋባ ይችላል።

ይህ ሽፋን በየዕለቱ ካልተጠረገ፣ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ጠጥሮ ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ብሩሽም መፋቂያም አይነቅለውም፣ የሐኪም መሣሪያ ብቻ እንጂ።

ደም አየሁ ብሎ መቦረሽን መተው ሕመሙን ያባብሰዋል። በለስላሳ ብሩሽ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል፣ በዝግታ ቦርሹ።

ደዌው አጥንት ሳይነካ የተደረሰበት ድድ ፈጽሞ ይድናል። በጥርስና በድድ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር አልፎ ጠልቆ አጥንቱ ከተበላ ግን፣ ሕክምናው ጥፋቱን ይገታል እንጂ የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የስኳር ሕመም ያለባችሁና ትምባሆ የምታጨሱ ግን ደዌው በእናንተ ላይ ስለሚበረታ፣ መልሴን ሳትጠብቁ ድዳችሁን አስመርምሩ።