ዛሬ ማታ እናት ቤት የለችም

እህቴ ሆይ፣ ልጅ ሳታዝዪ፣ የገበያ ዘንቢል ሳታንጠለጥዪ፣ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተቀምጠሽ ከልብሽ የሳቅሽው መቼ ነበር? ወንድሜ ሆይ፣ አንተስ ባለቤትህ እንደዚያ ስትስቅ ያየሃት መቼ ነው? መልሱ ቶሎ ካልመጣላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ሀና ማርያምን እንውሰድ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር፣ እንደ ሌሎቹ የደቡብ አዲስ አበባ መንደሮች፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። በድሮው የመሀል ከተማ ግቢ አንዲት እናት ወንፊት ልትዋስ ወጥታ የሦስት ቤት ወሬ ይዛ ትመለስ ነበር። በአዲሶቹ ሰፈሮች ግን አጥሩ ረዥም ነው፤ የብረቱ በርም ተዘግቶ ይውላል። ባል ማልዶ ለታክሲ ይሰለፋል፣ መሽቶ ደክሞት ይገባል። እናት ቀኑን ሙሉ በልጆች ተከብባ ትውላለች፤ ሆኖም ከአንድ አዋቂ ሰው ጋር የልቧን ሳታወራ ይመሻል።

«ቡና እንጠጣ የለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የስንቱ ልብ ቀሏል! ነገር ግን ባለ ተራዋ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ቀድታ፣ ሲኒ አጥባ ነው የምታርፈው። ጨዋታው ሲሞቅም አንዱ ልጅ ቀሚሷን ይጎትታል። በወር አንድ ምሽት ከቤት ውጪ መቀመጥ የሚለየው በዚህ ነው፤ በዚያች ምሽት ሁሉም እናቶች እንግዶች ናቸው።

ቅንጦት ነውን?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በታዳጊ አገሮች በእርግዝና ወቅት ከመቶ 15.6፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ከመቶ 19.8 የሚሆኑ ሴቶች በአእምሮ ጤና መታወክ፣ በይበልጥም በድብርት ይጠቃሉ። ከአምስት ወላድ አንዷ ማለት ነው። እንዲህ ያለችው እናት እሑድ ከአጠገባችን ቆማ ትዘምር ይሆናል።

የሰፈሩ ስም የሁለት እናቶችን ስም ይዟል። መጽሐፍ ቅዱሳችንም ሐናና ማርያም ስለሚባሉ ሁለት እናቶች ይነግረናል። የሳሙኤልን እናት ሐናን ባሏ ሕልቃና ይወዳት ነበር፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን አልገባውም። ካህኑ ዔሊም የሰከረች መሰለው። ፊቷ የተፈታው ልቧን በጌታ ፊት አፍስሳ፣ ካህኑም በመጨረሻ ሰምቷት በሰላም ሲያሰናብታት ነው (1ኛ ሳሙ. 1)። ማርያምም የመልአኩን ቃል ከሰማች በኋላ ፈጥና የሄደችው ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ ነበር፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀመጠች (ሉቃስ 1፥39-56)። እንግዲህ የሚወድ ባል ያላትም ሴት፣ ከእግዚአብሔር ቃል የተቀበለችም ሴት፣ የሚሰማት ሰው አስፈለጋት።

እንዴት እንጀምር?

በእግር በሚደረስበት ሻይ ቤት ወይም ጁስ ቤት አራት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። 11 ሰዓት ተገናኝታችሁ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አብራችሁ ተመለሱ፤ ብቻዋን የምትመጣ አትኑር። ሁሉም የየራሷን ትክፈል፤ ሻይና ሳምቡሳ ይበቃል። እጇ ያጠራት ካለች ሳይታወቅባት ሸፍኑላት።

የቤተ ክርስቲያናችሁን ሴቶች ብቻ አትጥሩ። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችሁ እንዳትቸገር የጾም ቀን አትምረጡ፤ በረመዳን ሙስሊሟ ጎረቤታችሁ ከቤተሰቧ ጋር ታፈጥራለችና ሌላ ጊዜ ቀጠሮ ያዙ። ስብከትም፣ እቁብም፣ መዋጮም አይጨመርበት። ሐሜትም አይግባ፤ እዚያ የተነገረ ምስጢር ለባልም ቢሆን አይወራ።

አንዲት እናት ከሳቁ መካከል ዝም ብላ «ከወለድኩ ወዲህ ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ» ብትልስ? «እምነትሽ ነው የደከመው» አትበሏት። አድምጧት፣ ጸልዩላት። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ተቋም አብራችኋት ሂዱ። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለ መጉዳት ካሰበች ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ለባሎች

ወንድሜ ሆይ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ 120 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከሦስቱ ቀን በኋላ ያለውን ግን አንተ ነህ የምትሰጠው። ባለቤትህ ስትወጣ «ልጆቹን ጠበቅሁላት» አትበል፤ አባት የገዛ ልጆቹን አይጠብቅም፣ ያሳድጋል እንጂ። እራት አብላቸው፣ አስተኛቸው። «ሽንኩርቱ የት ነው?» እያልህም በየአሥር ደቂቃው አትደውል።

ስትመለስ ሣህኑ ታጥቦ ብታገኘው ምን ይሰማት ይሆን? ልጆቹ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው «እማዬ የታለች?» ካሉህም በደስታ መልስላቸው፤ «ዛሬ ማታ እናት ቤት የለችም፤ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ነው።»

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።