በመርካቶ በጕልበታቸው ስለሚያድሩ ሰዎች

መርካቶ በተባለ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ነጋዴውና ሸቀጡ ነው። ገበያው ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር፤ ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ኢጣልያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ለይተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ስሙም ከቋንቋቸው የቀረ ነው። ነገር ግን ይህን ሰፊ ገበያ በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሰው ሱቅ የሌለው ሰው መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ማልዶ ወደ እህል በረንዳ የሄደ ሰው ከጭነት መኪና ላይ ጤፍ በጀርባው የሚያወርደውን ተሸካሚ ያያል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው፤ የሚሸከመው ሰው ራሱ ያን ያህል የሚመዝን አይመስለኝም። መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ሁሉ የእርሱ ጀርባ ይገባበታል። በበርበሬ በረንዳ ደግሞ ሴቶች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው ዛላውን ሲቀነጥሱ ይውላሉ። አላፊው አስነጥሶ በቶሎ ይሄዳል፤ እነርሱ ግን እስኪመሽ ከዚያው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የምናለሽ ተራ ሥራ ነው። «ቆራሌው» የተባለው ልጅ ማዳበሪያውን በትከሻው አድርጎ በየሰፈሩ እየዞረ ይጣራል፤ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው። አሮጌ ጫማ፥ ባዶ ጠርሙስ፥ ስብርባሪ ብረት፥ እኛ ከደጅ ልንጥለው ያሰብነውን ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ ለምናለሽ ተራ ሰዎች ያስረክባል። በዚያም በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፥ የመኪናው ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል። ከተማው በዚህ ሥራ ከብዙ ጥራጊ ሲድን ለሠሪው የሚከፍለው ደመወዝ የለም።

የእነዚህ ሰዎች ገቢ የዕለት ነው። ከእርሱም ምሳና ማደሪያ ይከፈልበታል፤ ዕቁብ ይጣልበታል፤ ከተረፈም በገጠር ላለች እናት ይላካል። ሰውየው ሦስት ቀን የታመመ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ባንድነት ይቋረጣል።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ ቃጠሎ ተነሥቶ ብዙ ንብረት ጠፋ። የሱቅ ዕቃ በደረሰኝና በመዝገብ ይታወቃል፤ በዚያ ተራ ሲሸከም የነበረ ሰው ያጣው የሥራ ቀን ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? አሮጌ ተራ ፈርሶ ሕንፃ ሲታቀድም ነገሩ ይኸው ነው። ከቅዱስ ራጉኤል ደጅ ገመዱን በትከሻው እንዳደረገ ተሳልሞ የሚሮጠውን ተሸካሚ ካህናቱ በመልክ ያውቁታል፤ በዕድርም ስሙ ይገኛል። እንግዲህ ሹማምንቱ ስንት ሱቅ አለ ብለው በሚቈጥሩበት ወረቀት ላይ፥ በዚህ ተራ በጕልበቱ የሚያድር ስንት ሰው አለ የሚል አንድ ዓምድ ቢጨምሩ፥ ቈጣሪው ለመጠየቅ ከአንድ ማለዳ የበለጠ አያስፈልገውም፤ ሰዎቹ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምረው ከዚያው ይገኛሉና።